ለሩቅ ኢላማ ፈጣን ቀጭን ጥይት የቱ ይሻላል?

የሆጤ ልጅ፦ ሰላም ጀማዓው እንዴት ናችሁ። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ ሻያን ከተማ ነው ያለው፣ እዛ ፈቃድ ባለው መተኮሻ ሜዳ እስከ 500 ሜትር የብረት ኢላማ መምታት ጀምሯል። አሁን የራሱን ጠመንጃ ሊገዛ ነው፣ እኔ ደሴ ፊዚክስ ስለማስተምር አንተ አስላልኝ ብሎ ያዘኝ። ልቡ 220 ስዊፍት የሚባለው የጥይት ዓይነት ላይ ነው፣ ከሁሉም ይፈጥናል ብለውት፣ ሻጩ ደሞ 22-250 ይለዋል፣ 223ም አለ። እባካችሁ የምታውቁ።

ቦርከና፦ አብሽር ወንድሜ። ስዊፍት እውነት ፈጣን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ሲወጣ 3 ግራም ገደማ የሆነችውን አረር በሰከንድ ወደ 1,200 ሜትር ነበር የሚያስወነጭፋት። 22-250 በ55 ግሬን (3.6 ግራም) 1,120 አካባቢ፣ 223 በዛው ክብደት 990 አካባቢ። ግን ይሄ ከአፈሙዝ ሲወጣ ያለው ፍጥነት ነው። ማሽላ በወንጭፍ ጠብቀህ ካደግክ ታውቀዋለህ፣ ቀላሏ ጠጠር ከእጅህ ስትወጣ ትበራለች ግን ወፏ ጋ ሳትደርስ ትደክማለች፣ ነፋስም ይወስዳታል። 500 ሜትር ላይ ረዘም ከበድ ያለው አረር ነው የሚያዋጣው።

የሆጤ ልጅ፦ ታዲያ በ22-250 ከባዱን አይተኩስም?

ቶርኖ ቤት ኮምቦልቻ፦ እሱ ነው ዋናው ነገር፣ በርሜሉ ውስጥ ያለውን ጥምዝ ይጠይቅ፣ አረሩን የሚያሾረው ጠመዝማዛ ቦይ ማለቴ ነው። የድሮዎቹ 22-250 በ14 ኢንች አንድ ዙር ነው የሚያሾሩት፣ ረጅም አረር በደንብ ስለማይሾር አየር ላይ ይገለባበጣል። 8 ኢንች ጥምዝ ያለው 223 ግን 77 ግሬን ድረስ ይችላል፣ ጥይቱም እንደልብ ይገኛል ዋጋውም ይቀላል። ደሞ በጠባብ ቀዳዳ ብዙ ባሩድ ሲነድ የበርሜሉ ጉሮሮ ቶሎ ይበላል፣ ብረት ስለማውቅ ነው የምልህ፣ ስዊፍትን ደጋግሞ አግሎ ከተኮሰ በርሜሉ ያሳዝናል። 8 ኢንች የሆነ 22-250 ካገኘ እሱም ጥሩ ነው፣ ለጀማሪ ግን 223።

ቦርከና፦ ሻያን ከፍታው ከኮምቦልቻ ጋር እኩል ነው በለው፣ ወደ 1,850 ሜትር፣ አየሩ ስስ ስለሆነ አረሩን ትንሽ ነው የሚይዘው። ነፋሱ ግን አይጣል ነው፣ ስለዚህ ስሌቱን ከባህር ወለል ሰንጠረዥ እንዳትወስድለት።

እናትዬ የጦሳዋ፦ ወንድምህ ሲመጣ አንዲት ፍሬ ጥይት እንኳ በሻንጣው እንዳይዝ ንገረው የኔ ወንድም፣ እዚህ የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 አለ።

የሆጤ ልጅ፦ እሱ እዛው ነው የሚተኩሰው እህቴ፣ እነግረዋለሁ። ቶርኖ ቤት አላህ ይስጥህ፣ ስለ ጥምዝ ጭራሽ አላሰብኩም ነበር፣ ማታ ሲደውል ሻጩን በርሜሉ ስንት ኢንች ነው በለው እለዋለሁ።