ኮምቦልቻ ላይ ያበደርኩትን ደሴ ሄጄ ነው የምከስ?

ጠያቂው (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አብሮኝ እህል ለሚነግድ ልጅ 85,000 ብር አበደርኩት። ወረቀት አለን፣ እዚሁ ኮምቦልቻ ነው የተጻፈው፣ ሁለት ምስክር ፈርሞበታል። ቀኑ ካለፈ ሰባት ወር ሆነው። ሽማግሌ ላክሁበት፣ "እሺ" አለና ስልኩን አጠፋ። አሁን ደሴ ገብቷል አሉኝ። ፍርድ ቤት ረግጬ አላውቅም። ለየቀጠሮው የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ልወጣ ነው?

የሐይቁ፦ ፖሊስ ጋ ሂድ ባክህ፣ ሁለት ቀን ሲታሰር ይከፍልሃል።

ጡረተኛው ጠበቃ፦ የሐይቁ፣ እንዲህ አትምከረው። ብድር አለመክፈል ብቻውን ወንጀል አይደለም። ልጄ፣ አብሽር፤ የውል ክስ ውሉ በተደረገበት ቦታም ይቀርባል፣ ኮምቦልቻ ክሰስ። ወረቀቱን ግን አደራ! ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ነው የሚረጋገጠው፣ ያለዚያ እሱ ራሱ ችሎት ላይ ማመን ወይም መሐላ ይፈልጋል፤ የሰው ምስክር ብቻውን አያወጣህም። ክሱ ላይ የሁለታችሁን አድራሻ፣ መቼና ስንት እንደሰጠኸው፣ ምን እንዲወሰንልህ እንደምትጠይቅ ጻፍ። የማስረጃ ዝርዝር አያይዝ። የዳኝነት ክፍያ ትከፍላለህ፣ መዝገብ ይከፈታል፣ መጥሪያ ይወጣል።

የቦሩ ሜዳዋ፦ ጋሼ ልክ ነዎት፣ አንድ ልጨምር። ወረቀቱ ላይ ቁርጥ ያለ ብር ካለ "በአጭር ሥነ ሥርዓት ይታይልኝ" ብለህ ከቃለ መሐላ ጋር አቅርብ። ያኔ እሱ ዝም ብሎ መልስ አይጽፍም፣ መጀመሪያ "ልከላከል ይፈቀድልኝ" ብሎ ምክንያቱን በቃለ መሐላ ማስረዳት አለበት፣ ካልጠየቀ ወይ ካልተፈቀደለት ይፈረድበታል። በመደበኛው ከሄደ ግን መልሱ፣ ክርክሩ፣ ጭብጥ መያዙ (ዳኛው የምትከራከሩበትን ነጥብ መለየቱ)፣ ምስክሩ... ስንቅህን ያዝ።

አይሱዙ ያመለጠው፦ እኔ ያለቀስኩት ከተፈረደልኝ በኋላ ነው። ሰውየው መኪናውን ሸጦ ጠበቀኝ። ንብረት ያሸሻል ብለህ ከሰጋህ ከፍርድ በፊት እንዲያዝልህ አሁኑኑ አመልክት። ፍርድ አገኘህ ማለት ብር አገኘህ ማለት አይደለም፣ ካልከፈለ አፈጻጸም ብለህ ሌላ መዝገብ ታስከፍታለህ።

ጠያቂው፦ አላህ ይስጣችሁ። ሽማግሌዎቹ መሐል ላይ ተመልሰው ቢገቡስ?

ጡረተኛው ጠበቃ፦ እሰየው ነው። ክሱ ተጀምሮም መታረቅ ይቻላል። ግን በቃል አይቅር፣ ጽፋችሁ ለዳኛው አቅርቡት፣ ከጸደቀ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። እስከዚያ "ሊታረቀኝ ነው" ብለህ ቀጠሮ እንዳትቀር፣ መዝገቡ ይዘጋብሃል።

ጠያቂው፦ እሺ ጋሼ። ነገ ወረቀቱን ኮፒ አስደርጋለሁ።

አይሱዙ ያመለጠው፦ ኦርጅናሉን ለማንም አትስጥ፣ ክሱን ለሚጽፍልህ ለራፖር ጸሐፊውም ቢሆን!