የታመሙ ሕጻናትንና ቤተሰባቸውን ለመደገፍ ሥልጠና የት ላግኝ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ደሴ ውስጥ በሕጻናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። መድኃኒት መስጠቱ አያቅተኝም፤ የቸገረኝ የልጆቹ ፍርሃት ነው። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ነጭ ጋውን ባየ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባል። እናቱ ደግሞ እኔን እያሳየች «ዝም በል፣ አለዚያ ትወጋሃለች!» ትለዋለች። (ምን ታድርግ፣ እሷም ጨንቋታል።) አንድ ቀን ካኑላውን (መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ) መጀመሪያ ለአሻንጉሊቱ አሰርንለት። ከዚያ እጁን ራሱ ዘረጋልኝ። ይህን ግን ማንም አላስተማረኝም፣ እንዲሁ በመላ ነው።

ውጭ አገር ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ «ቻይልድ ላይፍ» ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ ለምስክር ወረቀቱ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ቢያንስ 600 ሰዓት የተግባር ልምምድና ፈተና ይጠየቃል። ልምምዱ በባለሙያ ሥር ነው። እዚህ ማን ሥር ልሁን?

ወረቀቱ ይቅርብኝ፣ ዘዴውን ልማር። አዲስ አበባም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወይም በኦንላይን፣ አጭር ሥልጠና የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ክፍያው የነርስ ደመወዝ የሚችለው ይሁን እንጂ! ከደላንታና ከወረኢሉ መጥተው ልጃቸው አጠገብ ወለል ላይ ለሚያድሩ ወላጆች «አብሽሩ» ከማለት ያለፈ ምን እንደሚባል የሚያስተምር ካለ፣ እሱን አስቀድሙልኝ።