«ጠመንጃው ጎርሷል?»

የሱሉልታዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው እሑድ እዚሁ ሱሉልታ ጎረቤት ለቅሶ ነበር። ያረፉት አባት የድሮ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው እንደ ወጉ ካባቸውን፣ ፎቷቸውንና አሮጌ ውጅግራቸውን ይዘው ወጡ። ጠመንጃውን የያዘው ልጅ ወደ ድንኳኑ ሲጠጋ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። «ጎርሷል?» አሉት። «ኧረ አልጎረሰም አባባ፣ ባዶ ነው» አላቸው።

የእህቴ ልጅ አጠገቤ ነበረች። 11 ዓመቷ ነው፤ ያደገችው መሀል ከተማ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አክስቴ፣ ጠመንጃ ምን ይጎርሳል?» አለችኝ። ጥይት ነዋ፣ አልኳት። «ጎረሰ እኮ ለእንጀራ ነው» አለች።

ጥያቄዋ ማታም አልለቀቀኝም። ለነገሩ ጠመንጃ አፍ አለው፤ አፈሙዝ እንላለን። አፍ ካለው ቢጎርስ አይገርምም። ግን አንዱን ሳስብ ሌላው ተከተለ። ጠመንጃ የሚለው ቃልስ ከየት መጣ? አያቴ «ጠብ መንጃ ነው፤ ጠብን የሚነዳ» ትል ነበር። ውጅግራስ የማን ቃል ነው? የምታውቁ እስቲ አስተምሩኝ።

መምህርት ከኮተቤ፦
እህቴ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የአያትሽን ፍቺ ብዙ ሰው ይወደዋል። «ጠብመንጃ» ተብሎ የሚጻፈውም ለዚሁ ነው። መነሻው ግን ሌላ ነው። ቱርኮች ሽጉጥን «ታባንጃ» ይላሉ። ቃሉ በዐረብኛ በኩል አልፎ እኛ ዘንድ «ጠበንጃ» ሆነ። ትግርኛ ዛሬም «ጠበንጃ» ነው የሚለው። አማርኛ «በ»ን ወደ «መ» ቀየረው። ሁለቱም ከንፈር ገጥሞ የሚወጡ ድምፆች ስለሆኑ እንዲህ ያለ ለውጥ ቀላል ነው።

«ጠብ መንጃ» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ባዕድ ቃል ሲሰማ ውስጡ የራሱን ቃል ይፈልጋል። የቃሉ አመጣጥ ሆኖ ባይቆምም፣ ሰው ስለ መሣሪያው ምን እንደሚያስብ ግን በደንብ ይነግረናል። ስለዚህ አያትሽን ተሳስተዋል አልልም።

አንድ ልጨምር። «ነፍጥ»ም ከዐረብኛ ነው። ጥንት የሚነድ ዘይት ማለት ነበር። ዐረቦች ባሩድ ሲመጣ ያንኑ ስም ሰጡት። በእኛ አገር ደግሞ ስሙ ከባሩዱ ወደ መሣሪያው ተሻገረ። ከማደያ የምንቀዳው ናፍታ በሌላ መንገድ፣ በአውሮፓ ቋንቋዎች ዞሮ የደረሰን የዚያው ቃል ዘመድ ነው። አይሱዙ የሚሞላው ናፍታና አርበኛ የሚያነግተው ነፍጥ ወንድማማች ናቸው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ባሩድና መድፍም እንዲሁ ከዐረብኛ ናቸው። የመድፍ ሥር «ደፈዐ» ነው፤ ገፋ ማለት ነው።

ልጅ ከለገጣፎ፦
እትዬ፣ «ነፍጠኛ»ስ? ልጽፈው ራሱ ፈራሁ።

መምህርት ከኮተቤ፦
አትፍራ፤ ቃልን ማወቅ ጥሩ ነው። ሲጀመር ነፍጥ የታጠቀ ሰው ማለት ነው፤ ልክ እንደ «ጋሻ ጃግሬ» የሥራ መጠሪያ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ ዘምተው እዚያው የሰፈሩ ወታደሮች በዚህ ስም ታወቁ። በመሬትና በግብር የተነሳ ቃሉ ከባድ ትዝታ ተሸከመ። ዛሬ ነፍጥ ነክቶ የማያውቅ ሰው መሰደቢያ ሆኗል። እኔ ለታሪኩ እንጂ ለሰው አልጠቀምበትም።

መቶ አለቃ ከቡራዩ፦
ልጆቼ፣ እንዴት ዋላችሁ። ጡረታ ላይ ነኝ፤ ይህን ሳነብ ግን እንቅልፌ ጠፋ። የወታደር ቤቱን እኔ ልንገራችሁ።

አጎረሰ ትክክል ነው። ከእሱ ቀጥሎ «አቀባበለ» አለ። ጠመንጃውን አቀባበለ ሲባል ጥይቱ ከካርታው ወጥቶ ወደ ጉሮሮው ገባ፣ ለመተኮስ ተሰናዳ ማለት ነው። ቃሉን አስተውሉት። ተቀበለ፣ አቀበለ፣ አቀባበለ። እንግዳ ሲመጣ «አቀባበል አደረግን» የምንለው ነው። አንዱ ክፍል ለሌላው ጥይቱን ያቀብላል። አሠልጣኛችን ሲያስረዳን «እንደ ጡብ ሠራተኛ ከእጅ ወደ እጅ» ይለን ነበር።

ካርታ ያልኩት የጥይት ማስቀመጫውን ነው። ጣት የሚስበው ምላጭ ነው። ትከሻ ላይ የሚያርፈው እንጨት ሰደፍ ነው። ከተተኮሰ በኋላ ተስፈንጥሮ የሚወድቀው ባዶ ናስ ቀለሃ ነው። ወገብ ላይ የሚታሰረው የጥይት መያዣ ዝናር ነው።

የሠለጠንኩት ታጠቅ ነው። ከቡራዩ ወደ ሆለታ ስትሄዱ ያለው ጦር ሰፈር። ጊዜው 1969 ነው፤ የሶማሊያ ወረራ የመጣበት ዘመን። ደርግ ከየገጠሩ 300 ሺህ ያህል ሚሊሻ ሰብስቦ ያሠለጠነው እዚያ ነው። «ታጠቅ» ራሱ ከወገብ የመጣ ቃል ነው። ታጠቀ ማለት መጀመሪያ ወገቡን በመቀነት አሰረ ማለት ነው። ለሥራ የተነሳም፣ ለመንገድ የተነሳም ይታጠቃል። የዐፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም አባ ታጠቅ ነበር። ትጥቅ መፍታትም ያው ነው፤ መቀነት ይፈታል፣ ዝናር ይፈታል። እኔ በ1983 ትጥቅ ፈትቼ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ያለችኝን አልረሳም። «አሁን ጋቢህን ታጠቅ» አለችኝ።

ጎረቤቶቼ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው። እነሱ ጠመንጃን «ቀዌ» ይላሉ። የእነሱንም ግሦች የሚያውቅ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።

ልጅ ከለገጣፎ፦
መቶ አለቃ፣ ዕድሜ ይስጥዎት! አንድ ነገር ልጠይቅዎት። «ከሸፈ» የሚለው የጠመንጃ ቃል ነው ይባላል፣ እውነት ነው? እኔ የማውቀው ከዜና ነው። «ሴራው ከሸፈ»፣ «ሙከራው ከሸፈ» ሲባል።

መቶ አለቃ ከቡራዩ፦
እውነት ነው ልጄ። ምላጩ ተስቦ ጥይቱ እምቢ ሲል ከሸፈ እንላለን። ጥይት ሲያረጅ፣ ባሩድ እርጥበት ሲያገኘው ይከሽፋል። ያ ድምፅ ቀጭ ብሎ ሲቀር ምን እንደሚሰማ የደረሰበት ያውቀዋል። በዜና ስሰማው አሁንም ጣቴ ላይ ነው የሚሰማኝ።

ሰበታ ያለሁ፦
ስለ ውጅግራ እኔ ልመልስ። የጠመንጃ ታሪክ ማንበብ እወዳለሁ።

ውጅግራ ፈረንሳይኛ ነው። «ፉዚ» ማለት ጠመንጃ፤ «ግራ» ደግሞ የሠራው የጦር መኮንን ስም። ፉዚ ግራ፣ ውጅግራ። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የተቀበሉት፣ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር የሆነ መሣሪያ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. ለቤል የተባለው፣ ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመው ጠመንጃ ሲመጣ ግራው ለአውሮፓ አሮጌ ሆነ። አሮጌው በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ እኛ ጎረፈ። በእኛ አቆጣጠር በ1888 ዓድዋ ላይ ከተሰለፉት መሣሪያዎች አንዱ እሱ ነበር።

የዚያ ዘመን የጠመንጃ ገበያ ደግሞ ከሱሉልታ ሩቅ አይደለም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ሆኖ፣ በ1879 ግድም ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ እንጦጦ ድረስ መጥቷል። እንጦጦን ስሻገር ሁልጊዜ ይሄን አስባለሁ። በቅሎና ግመል የተሸከመው ጠመንጃ ያን ዳገት ሲወጣ ይታየኛል።

ሌሎቹም ስሞች እንዲሁ ናቸው። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ የናፒየር ጦር በ1860 መቅደላ ሲመጣ ይዞት ነበር። መትረየስ የፈረንሳዮቹ «ሚትራዬዝ» ነው። መውዜር የጀርመን ወንድማማቾች የቤተሰብ ስም ነው። ቤልጅግ የአገር ስም ነው። ክላሽ የሩሲያዊው የካላሽኒኮቭ ስም ተቆርጦ ነው። ሰው መሣሪያውን ሲገዛ ስሙንም አብሮ ገዝቷል።

የሱሉልታዋ፦
ወንድሜ፣ እጅህን ይባርከው። አሁን አንድ ነገር ታየኝ። የዕቃዎቹ ስም ከውጭ የመጣ ነው። ጠመንጃ፣ ነፍጥ፣ ባሩድ፣ መድፍ፣ ውጅግራ፣ መትረየስ፣ ክላሽ። የምናደርግበት ቃል ግን የእኛው ነው፤ ያውም የቤት ቃል ነው። አጎረሰ የገበታ ነው። አቀባበለ የእንግዳ ነው። ታጠቀና ፈታ የመቀነት ናቸው። ሰዎቻችን ብረቱን ከባሕር ማዶ አመጡ፤ ከብረቱ ጋር የሚኖሩበትን ቋንቋ ግን ከጓዳቸው አወጡ።

ልጅ ከለገጣፎ፦
ሽጉጥን አትርሺ! እሱ ስምም ሆኖ የእኛ ነው። ከ«ሸጎጠ» ነው። እናቴ ብሯን መቀነቷ ውስጥ ትሸጉጣለች። ሽጉጥም የሚሸጎጥ ማለት ነው።

መምህርት ከኮተቤ፦
ግሩም ነው፤ የሱሉልታዋ ያልሽው አሳመነኝ። ትልቁን ግሥ ግን እስካሁን ማንም አላነሳውም፤ «ተኮሰ»ን።

ተኮሰ ማለት መጀመሪያ አቃጠለ፣ በጋለ ብረት ነካ ማለት ነው። ከብት ይተኮሳል፤ ምልክት እንዲሆንበት። የባህል ሐኪም ቁስል ይተኩሳል። ልብስ እንተኩሳለን። ትኩስ ቡና፣ ትኩስ እንጀራ እንላለን። የታመመ ልጅ ግንባሩን ነክተን «ትኩሳት አለው» እንላለን። ሁሉም የእሳት ልጆች ናቸው። (ካውያም ከዐረብኛው «ከዋ» ነው። እሱም ሰው ገላ ላይ መተኮስና ልብስ መተኮስ፣ ሁለቱንም ይላል።)

ታዲያ ጠመንጃ ለምን ተኮሰ ተባለ? በ1533 በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ፖርቱጋሎች ምጽዋ ሲገቡ፣ ከዚያም በፊት የግራኝ አሕመድ ሰዎች ከኦቶማን ጠመንጃ ሲያገኙ፣ መሣሪያው የሚተኮሰው በሚጤስ ገመድ ነበር። ገመዱ ጫፉ እየነደደ ባሩዱን ሲነካው ይፈነዳል። ያየው ሰው ያየው እሳት በብረት ላይ ሲያርፍ ነው። ከብት መተኮስን ለሚያውቅ ሰው ሌላ ቃል መፈለግ አያስፈልገውም። እኔ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል።

እርሳስንም ተመልከቱ። ልጆች የሚጽፉበት እርሳስና የድሮ ጥይት የሚቀለጥበት እርሳስ ስማቸው አንድ ነው። ዐረብኛውም ለሁለቱም ያንኑ ቃል ነው የሚጠቀመው።

ሰበታ ያለሁ፦
ሕጉስ? በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 «የጦር መሣሪያ» ነው የሚለው።

መምህርት ከኮተቤ፦
እሱም የራሳችን ነው። ጦር በእጅ የሚወረወረው ነው። ከዚያ የሚወረውረው ሠራዊት ጦር ተባለ፤ ግጥሚያው ጦርነት ሆነ። ክላሽ በሕግ ፊት ሲቆም ስሙ ከጦር ይጀምራል።

የሱሉልታዋ፦
ዛሬ ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት። የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩላት። ተኮሰንና ትኩሳትን ወደደችው፤ ልብስ ተኩሺ ስትባል ከእንግዲህ እንደምትስቅ ነገረችኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና «እሺ አክስቴ፣ ከጎረሰ በኋላ ይተፋል ይባላል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። መቶ አለቃ፣ እርስዎ ይመልሱልኝ።

መቶ አለቃ ከቡራዩ፦
ይተፋል እንጂ ልጄ። «መትረየሱ እሳት ተፋ» እንላለን። ራሷ ነች የደረሰችበት፤ ንገሪልኝ።