ጥቁሩ ቀለም ብቻ ለምን ይለቃል?

ባለጥለት (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። አራት ኪሎ አካባቢ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ጨርቅ ላይ እናትማለን። ጥለቱን እኛው እንስላለን፣ በስክሪን (ቀለም በሚያሳልፍ የተወጠረ ወንፊት) በእጅ እናትማለን፣ ሽያጩ በቴሌግራም ነው። ባለፈው ወር 40 የትራስ ልብስ ሸጠን 6ቱ ተመለሱ። ጥቁሩ ሲታጠብ ይለቃል። አንዷ ደንበኛ ከነጭ አንሶላዋ ጋር አብራ አጥባው ፎቶ ላከችልኝ፤ በጣም ነው ያፈርኩት። ቢጫውና ቀዩ ግን ምንም አልሆኑም። ቀለሙ ዋተር ቤዝ (በውሃ የተሠራ) ነው። ጨርቁ ግማሹ የሽሮ ሜዳ የእጅ ሥራ፣ ግማሹ አቡጀዲ። ቀለሙ እንዲይዝ የምንተኩሰው በቤት ካውያ ነው። ቀለም ሻጩ "ጨርቁ ነው" ይላል፣ ጨርቅ ሻጩ "ቀለሙ ነው" ይላል። ማንን ልመን?

የሸማኔ ልጅ፦
ጨርቁን ሳታጥቡ ነው የምታትሙት? አቡጀዲ ከሱቅ ሲወጣ የሚንኮሻኮሸው ስታርች (ማድረቂያ ሙጫ) ስላለበት ነው። ቀለሙ ስታርቹ ላይ ተቀምጦ አብሮት ይታጠባል። ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊበት። ቶሎ ካልመጠጠው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ።

ስክሪን ቤት፦
ማጠቡስ ይታጠብ፣ የእጅ ሥራውም ሲታጠብ ስለሚኮማተር። ግን ወንድሜ፣ ቢጫው እዚያው ጨርቅ ላይ ይዞ የለም እንዴ? ጨርቁ ነፃ ነው።
እህቴ፣ ጥቁሩን ራሳችሁ ነው የምትቀላቅሉት? ጠቆር እንዲል ፒግመንት (ቀለም የሚሰጠውን ዱቄት) ትጨምሩበታላችሁ ብዬ እገምታለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ። ፒግመንት በራሱ ጨርቅ አይዝም፤ የሚይዘው ባይንደሩ (ቀለሙ ውስጥ ያለው ማጣበቂያ) ነው። ከልኩ ካለፈ የተረፈው ዱቄት ውሃ እስኪነካው ብቻ ነው የሚቆየው። ደረቅ ነጭ ጨርቅ ይዘሽ ህትመቱን ፈትጊው። ካጠቆረ፣ ሳታጥቢ አወቅሽ ማለት ነው።

ባለ ሂት ፕሬስ፦
እኔ ደግሞ ካውያውን እጠረጥራለሁ። ብዙ ዋተር ቤዝ ቀለም 160 ዲግሪ አካባቢ ለ3 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ጣሳው ላይ ያለውን እዩ። ካውያ ወዲህ ወዲያ ሲል አንዱ ቦታ ላይ ስንት ሰከንድ ይቆያል? ጥቁሩ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። እርጥብ እያለም አትተኩሱ፤ ሙቀቱ ውሃውን በማትነን ያልቃል። ሂት ፕሬስ (ጨርቁን ተጭኖ የሚያግል ማሽን) ብትገዙም መብራት ሲደክም ሙቀቱ ስለሚወርድ እውር አትሁኑ፣ ቴርሞሜትር ያዙ። እኔ ባለመያዜ አንድ ሙሉ ትዕዛዝ ከስሬበታለሁ።

ባለጥለት፦
ፈተግኩት። ጨርቁ ከሰል መሰለ! ጓደኛዬን ስጠይቃት ጥቁሩን በማንኪያ "እስኪበቃው" ነበር የምትለካው። ዛሬውኑ የግራም ሚዛን እንገዛለን። ለ6ቱ ብሩን በቴሌብር ልመልስ ወይስ አዲስ ልላክ?

ሱቅ በስልክ፦
ምርጫውን ለእነሱ ተዪው፤ የሞተረኛውን ግን አንቺ ክፈዪ። አንሶላዋ የተበላሸባት ሴትዮ ላይ እንዳትከራከሪ። እኔን ያሳሰቡኝ ግን የቀሩት 34 ናቸው። ሳያጥቡት ጻፊላቸው።

ባለጥለት፦
እየጻፍኩ ነው። እስካሁን 11 ሰዎች መልስ ጻፉልኝ፣ 9ኙ አላጠቡትም። አንዷ "ላጥበው ውሃ እየጠበቅኩ ነበር" አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ መጥፋቱ ጠቀመኝ።