የአውሮፕላን ምስል ያለባቸው የድሮ ቴምብሮች፦ ስብስቡን በምን መልክ ልያዘው?

ጀማሪ ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁም። አውሮፕላን የተሣለባቸውን የቆዩ ቴምብሮች መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙ አልቆየሁም። በእጄ የገቡት ተደባልቀው ነው፤ ከፊሎቹ ሙጫቸው ያልተነካ ነው፣ ከፊሎቹ ማኅተም ተመትቶባቸዋል፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ከተላኩበት ፖስታ ላይ ገና አልተነሡም። በአገር ልለያያቸው ወይስ በአውሮፕላኑ ዓይነት? ፖስታ ላይ የተለጠፉትንስ ውኃ ውስጥ ነክሬ ላላቅቃቸው? ከታወቁት ቀደምት ቴምብሮች መካከል ለጀማሪ የሚሆኑ ካሉም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

የፖስታ ወዳጅ፦
ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ አንዴ ከተሳሳቱ መመለሻ የሌለው እሱ ነውና። ፖስታ ላይ ያሉትን እባክዎ አያላቅቋቸው። በአየር መልእክት ዘመን መጀመሪያ የተላከ ፖስታ የተነሣበትን ቦታና ቀን፣ የተላከበትን መስመር፣ ብዙ ጊዜም ለዚያ በረራ ተብሎ የተቀረጸውን ልዩ ማኅተም ይዞ ይገኛል፤ ከጀርባው ደግሞ የደረሰበት ፖስታ ቤት ማኅተም ሊኖር ይችላል። ቴምብሩ ሲላቀቅ ይህ ሁሉ ማስረጃ ይጠፋል፤ የሚቀረው ቴምብሩ ብቻ ነው። ፖስታው የተቀዳደደ፣ ቴምብሩም በብዛት የሚገኝ ከሆነ ብቻ መንከሩን ያስቡበት። ያን ጊዜም አንዳንድ የቆዩ ቀለሞች በውኃ እንደሚለቁ አይዘንጉ፤ ባለ ቀለም ፖስታም ራሱ ቴምብሩን ሊያቀልመው ስለሚችል ለብቻው ይነከር።

የሰማይ መስመር፦
እኔ በአገር መለየቱን አልመክርም። የዚህ ዘርፍ ውበት በቴምብሩና በእውነተኛው በረራ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። አሜሪካ በ1912 እ.ኤ.አ. ለጥቅል ዕቃ መላኪያ ካዘጋጀቻቸው ቴምብሮች ባለ 20 ሳንቲሙ አውሮፕላን ፖስታ ጭኖ ሲበር ያሳያል፤ በመንግሥት ቴምብር ላይ አውሮፕላን ሲታይ የመጀመሪያው እንደሆነም ይነገርለታል። በአገሪቱ መደበኛው የአየር ፖስታ አገልግሎት የተጀመረው ግን በ1918 ነው፤ ሥዕሉ አገልግሎቱን ቀደመው ማለት ነው። በ1918 የወጣው ባለ 24 ሳንቲም ቴምብር ላይ የተሣለው ኩርቲስ ጄኒ የተባለ አውሮፕላን ደግሞ ጎኑ ላይ 38262 የሚል ቁጥር አለው፤ ግንቦት 15 ቀን 1918 አገልግሎቱ ሲጀመር ከዋሽንግተን የተነሣው አውሮፕላንም ይኸው ቁጥር ነበረው። በአጉሊ መነጽር ያንን ቁጥር ማንበብ ለእኔ ከማንኛውም የዋጋ ዝርዝር ይበልጥብኛል።

ቴምብሩ ሁለት ቀለም ስለነበረው፣ ቀዩ ክፈፍና ሰማያዊው አውሮፕላን በተለያየ ዙር ይታተሙ ነበር። በዚህ ምክንያት አውሮፕላኑ የተገለበጠበት ባለ 100 ቴምብር አንድ ወረቀት ለሽያጭ ወጥቶ በዓለም ዝነኛ ሆነ። የተገለበጠው ለአብዛኞቻችን የማይደፈር ቢሆንም፣ ትክክለኛው ባለ 24 ሳንቲምም ሆነ በዚያው ዓመት በተመሳሳይ ሥዕል፣ ግን በአንድ ቀለም ብቻ የታተሙት ባለ 6 እና ባለ 16 ሳንቲሞቹ በትዕግሥት ሊገኙ ይችላሉ። በ1917 በቱሪንና በሮም መካከል ለተደረገው የሙከራ በረራ ጣሊያን ያወጣችው የአየር ፖስታ ቴምብር ግን የአውሮፕላን ምስል የለውም፤ ነባር ቴምብር ላይ ጽሑፍ ታክሎበት የተሠራ ነው። አውሮፕላን ስለማይታይበት ከስብስቡ የሚያስወጡት አሉ፤ እኔ ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

አልበም ጠባቂ፦
በብዛት ከሚያጋጥምዎ ነገር አንዱን ልጨምር። በ1960ዎቹና ከዚያ በኋላ ብዙ አገሮች አውሮፕላን የተሣለባቸውን ቴምብሮች በዋናነት ለሰብሳቢዎች ሲሉ አትመዋል። ብዙዎቹ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ፣ ገና በወረቀታቸው እያሉ ማኅተም የተመታባቸው ናቸው። ማኅተሙ ጥርት ብሎ አንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ካረፈና ከጀርባው ሙጫው ሙሉ ከሆነ ይህንኑ ይጠርጥሩ። ሥዕላቸው ያማረ ስለሆነ መያዙ ክፋት የለውም፤ በእርግጥ ደብዳቤ አድርሶ እንደመጣ ቴምብር ግን ዋጋ አይክፈሉባቸው።

በተቃራኒው፣ በጣም የቆየ ቴምብር ሙጫው እንከን የለሽ ሲሆን ሙጫው በኋላ የተቀባ ሊሆን ይችላል። በቴምብሩ ዙሪያ ያሉትን ጥርሶች ጫፍ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፤ ሙጫ የነካቸውና የደረቁ ከሆኑ፣ ከመግዛትዎ በፊት ቴምብሩን ለባለሙያ ያሳዩት። ውድ ለሆኑት፣ ለምሳሌ አሜሪካ በ1930 ላወጣቻቸው ሦስት የግራፍ ዘፔሊን (በጋዝ የሚንሳፈፍ የጀርመን አየር መርከብ) ቴምብሮች፣ የትክክለኛነት ማረጋገጫ ወረቀት መጠየቅ ተገቢ ነው። ከእነዚህ ያልተሸጡት በመንግሥት ትእዛዝ ስለተወገዱ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ለማጭበርበር የሚያነሣሣውም ይኸው ነው።

ስለ አቀማመጡ፦ በጣት ሳይሆን በወረንጦ ይያዟቸው፤ ከፒቪሲ የተሠራ ፕላስቲክ ውስጥ አያስገቧቸው፤ ከጊዜ በኋላ ቀለማቸውንና ወረቀታቸውን ያበላሻልና። አልበሙን እርጥበትና ቀጥተኛ ብርሃን ከማያገኘው ቦታ ያቁሙት፤ ሙጫ ያላቸው ቴምብሮች በእርጥበትና በክብደት ገጹ ላይ ይጣበቃሉ።

ጀማሪ ሰብሳቢ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፖስታዎቹን እንዳሉ አስቀምጣቸዋለሁ። የቀሩትን በአውሮፕላኑ ዓይነት ለይቼ፣ በየክፍሉ በዓመት ቅደም ተከተል ልደረድራቸው አስቤአለሁ። ዘፔሊን ግን አውሮፕላን ስላልሆነ የት ይግባ?

የሰማይ መስመር፦
ለብቻው ክፍል ይስጡት። ደብዳቤ በአየር ያመላለሰ መሆኑ ከአውሮፕላኖቹ ጋር ያዛምደዋል፤ ቴምብሩም ፖስታውም ብዙ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ራሱን የቻለ አልበም ይጠይቅዎታል።