ባለ 26 ማውንቴን ሳይክል ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር መቀየር፦ የአዘዞ–ፒያሳን ዳገት ይችላል?

ባለ26

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ፒያሳ ለሥራ የሚያመላልሰኝ የኤሌክትሪክ ሳይክል ልሠራ ነው። አንዱ ጉዞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ሽቅብ፣ ማታ ቁልቁል። ሳይክሉ የብረት ፍሬም ያለው ባለ 26 ማውንቴን፣ የፊት ፎርኬላው ባለ ሞላ፣ ፍሬኑ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ዓይነት ነው። ክብደቴ 72 ኪሎ።

ያየሁት ሞተር ከኋላ ቸርኬ ጋር ተሠርቶ የሚመጣ፣ ውስጡ ማርሽ የሌለው፣ 48 ቮልት 1000 ዋት፣ በደቂቃ 470 ዙር ነው። ኮንትሮለሩ (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ከረንት የሚቆጣጠረው) 26 አምፒር። ባትሪውን አራት ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 12 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ በተከታታይ ላድርገው ብያለሁ፤ እዚሁ ከተማ ስለሚገኝ።

ዳገት ላይ ቀስ ብዬ ከወጣሁ ሞተሩ አይጎዳም ብዬ አስባለሁ፤ ልክ ነኝ? ባትሪውስ ይበቃል? ለበያጅና ለቶርኖ ቤት ምን ምን ላሠራ?

ቶርኖ ቤት

ሞተሩ ይችላል። ቀስ ብሎ መውጣት ሞተሩን ያድናል የሚለው ግን ትክክል ስላልሆነ ከእሱ ልጀምር፤ ብዙ ሞተር የሚቃጠለው በዚህ እምነት ነው።

አንተ፣ ሳይክሉ፣ ሞተሩና ባትሪው አንድ ላይ 110 ኪሎ ገደማ ትሆናላችሁ። በመቶ ሜትር 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ ይህን ክብደት ለመግፋት ወደ 120 ኒውተን ያስፈልጋል። በባለ 26 ጎማ ይህ ከሞተሩ 40 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ይጠይቃል። በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብትወጣም በ20 ብትወጣም የሚጠየቀው ኃይል ያው 40 ነው። የመዳብ ጥቅሉን የሚያሞቀው ደግሞ ይኸው ኃይል የሚስበው ከረንት ነው። በዚህ መጠን ሞተሩ ውስጥ ከ200 ዋት በላይ ሙቀት ይፈጠራል። በግማሽ ፍጥነት ስትወጣ በየሰከንዱ የሚፈጠረው ሙቀት አይቀንስም፤ ዳገቱ ላይ የምትቆይበት ጊዜ ግን እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቀስ ባልክ ቁጥር ጫፍ ላይ የምትደርሰው በጋለ ሞተር ነው።

ሞተሩን በእውነት የሚያሳርፈው ፔዳል መምታት ነው። ሙቀቱ የሚሄደው በከረንቱ ካሬ ስለሆነ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 120 ዋት ያህል በእግርህ ካገዝክ የሞተሩ ድርሻ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ግን አንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ካቴናውንና የፊት ጥርሱን አታውልቅ፤ ሞተር ሳይክል እንዲመስል ብለው ፔዳሉን የሚያነሱት ሰዎች ዳገት ላይ ያላቸውን ብቸኛ እርዳታ ነው የሚጥሉት።

የአዘዞ–ፒያሳ መንገድ በአማካይ ሲታይ ገር ነው። 1000 ዋቱ 30 እየሄደ ይወጣዋል፤ የሚፈትኑት አጫጭር ቀጥ ያሉ ቦታዎች ናቸው። ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወስደው መንገድ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲያ ዓይነት ዳገት ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያለማቋረጥ ከተወጣ ጥቅሉ ከ100 ዲግሪ ያልፋል። ሞተሩ ውስጥ ባለ 10 ኪሎ ኦም የሙቀት ሴንሰር በጥቅሉ ላይ አጣብቅና ሽቦውን አውጣ፤ 110 ሲደርስ አሳርፈው። ከውጭ በእጅ ነክቶ መለካት አያዋጣም፤ ሽፋኑ ለብ ሲል ውስጡ ቀድሞ ግሏል። የጎንደር አየር ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሳሳ ይላል፤ ማቀዝቀዙም በዚያው ልክ ያንሳል።

ጎሃ ሥር

ለዳገት ከሆነ 470 ዙሩን ትተህ 330 ዙሩን ግዛ። ጉልበቱ እሱ ጋ ነው።

ደግሞ ለባለሙያዎቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። የኔ ቤት ከላይ ነው፤ ሌሊት ሙሉ ቻርጅ አድርጌ ጠዋት ቁልቁል ስወርድ የሞተሩን ፍሬን እንደያዝኩ ድንገት ይለቀኛል፣ ማሳያውም ይጠፋል። ከቆምኩ በኋላ እንደገና ይሠራል። ኮንትሮለር ልቀይር?

ቶርኖ ቤት

ጎሃ ሥር፣ በዙሩ ላይ አልስማማም። የሞተሩ አካል አንድ ከሆነ 330ም 470ም ውስጣቸው ያለው የመዳብ መጠን ተመሳሳይ ነው፤ አንዱ ቀጭን ሽቦ ብዙ ጊዜ፣ ሌላው ወፍራም ሽቦ ጥቂት ጊዜ ተጠምጥሟል። ለተመሳሳይ ጉልበት የሚፈጥሩት ሙቀት እኩል ነው። 330ው የሚጠቅመው ኮንትሮለሩን ነው፤ ወደ ሞተሩ የሚልከው ከረንት ስለሚያንስ ቀዝቀዝ ይላል። በለውጡ የሜዳ ፍጥነትህ 40 ላይ ይቆማል።

ለውጥ የሚያመጣው የጎማው ዲያሜትር ነው። ሞተሩን በባለ 24 ቸርኬ ብታስጠምደው ሙቀቱ 15 በመቶ፣ በባለ 20 ደግሞ 40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ባለ 20 ግን ፔዳሉን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት ስለሚያወርደው ኩርባ ላይ ይነካል። ባለ 24 መካከለኛው ነው። በሁለቱም ግን የቸርኬ ፍሬኑ ስለማይደርስ የኋላው የግድ ዲስክ ይሆናል።

አምፒር

መጀመሪያ ጎሃ ሥርን ልመልስ። ኮንትሮለርህ ጤነኛ ነው። ቁልቁለት ላይ የሞተር ፍሬን ስትይዝ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪህ ግን ሞልቶ ነው ከቤት የወጣው። ሴሎቹ ከጣሪያቸው ሲያልፉ ቢኤምኤሱ (ባትሪው ውስጥ ሴሎቹን የሚጠብቀው ሰርኪዩት) ባትሪውን ይቆርጠዋል፤ መሄጃ ያጣው ቮልቴጅ ኮንትሮለሩ ላይ ይዘላል፣ ማሳያው ይጠፋል፣ ፍሬኑም ይለቃል። ይህ ደጋግሞ ከሆነ የኮንትሮለሩን ካፓሲተሮች ያፈነዳቸዋል፤ በ48 ቮልት ኮንትሮለር ላይ ብዙ ጊዜ 63 ቮልት ብቻ የሚችሉ ናቸው። ከላይ የሚኖር ሰው ባትሪውን ሙሉ መሙላት የለበትም፤ ለባለ 16 ሴል ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከ58.4 ይልቅ 55 ቮልት ገደማ ላይ ቻርጀሩን ይንቀል። እስከዚያው ድረስ ጠዋት ቁልቁለቱን በእጅ ፍሬን ብቻ ውረድ። ባለ26፣ አንተ ከታች ስለምትነሳ ይህ ችግር የለብህም፤ ማታ ስትመለስ ባትሪህ ቦታ አለው።

አሁን ወደ አሲድ ባትሪው። ጠዋት ሽቅቡ 200 ዋት ሰዓት፣ ማታ ቁልቁሉ 60 ገደማ ይበላል፤ ከመቆምና መነሳቱ ጋር በቀን 300 በል። አራቱ ባለ 12 አምፒር ሰዓት ባትሪዎች በወረቀት 576 ዋት ሰዓት ናቸው። ያ ቁጥር ግን በትንሽ ከረንት ለ20 ሰዓት ቀስ ተብሎ ሲሳብ የሚገኝ ነው። አንተ 20 እና 25 አምፒር ስትስብ ግማሹን ብታገኝ ነው። ይህ ማለት በየቀኑ እስከ ታች ታራግፈዋለህ፤ እንዲህ የሚያዝ የአሲድ ባትሪ ሁለት ሦስት መቶ የመሙላትና የማራገፍ ዙር አይሻገርም። ክብደቱም 16 ኪሎ ነው። የመኪና ባትሪም አታስብ፤ ለመነሻ እንጂ ለረጅም ስበት አልተሠራም።

የምመክርህ 16 ሴል በተከታታይ የተያያዘ ባለ 20 አምፒር ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከ40 አምፒር ቢኤምኤስ ጋር ነው። 1024 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሌሊቱን መብራት ቢጠፋ እንኳ ለነገው ይተርፋል። ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይመዝናል። የኋላ መጫኛው ላይ ሳይሆን በፍሬሙ ሦስት ማዕዘን ውስጥ እሰረው፤ ከኋላ ሲሆን ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይቀላል፣ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ የኋላ ራጂዎቹን ይሰብራል።

ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሴሎችም ይሠራሉ፤ ግን ሂሳቡን አትሸውደው። ከአሮጌ ሴል ከ2 አምፒር በላይ አትሳብ። ለ26 አምፒር 13 ሴል ጎን ለጎን፣ ለ48 ቮልት 13 በተከታታይ፤ በድምሩ 169 ጤነኛ ሴል ነው። ስትለያቸው ከ2 ቮልት በታች ወርዶ ያገኘኸውን ጣል። የቀሩትን 4.2 ሞልተህ ሳምንት አስቀምጥ፤ ከ4.1 በታች የወረደውንም ጣል።

እሳት የሚያስነሳው ስህተት ይኸውና፦ «48 ቮልት» የሚል ቻርጀር ሁሉ አንድ አይደለም። ባለ 13 ሴል የላፕቶፕ ዓይነት ሊቲየም ጣሪያው 54.6 ቮልት፣ ባለ 16 ሴል አይረን ፎስፌት 58.4 ነው፤ የአሲድ ቻርጀር ደግሞ 59 አካባቢ ይደርሳል። መሰኪያቸው ሊገጥም ይችላል። ባለ 13ቱን በአሲድ ቻርጀር ከሰካኸው በመካከል ያለው ቢኤምኤሱ ብቻ ነው። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቮልቴጅ ሳታነብ አትሰካ።

ባለ26

በጣም አመሰግናለሁ። ስለዚህ አይረን ፎስፌቱ ይሁን። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሞተሩንም ባትሪውንም በአውሮፕላን ይዞልኝ ቢመጣስ?

አምፒር

ሞተሩን አዎ፣ ባትሪውን አይችልም። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም፤ ያንተ ከዚያ ስድስት እጥፍ ይበልጣል። በየብስ በጭነት ይላክ፤ ሁለቱ ጫፎች ለየብቻ በፕላስተር ተሸፍነው፣ ግማሽ ቻርጅ ላይ ሆኖ።

ራጂና ቸርኬ

ለበያጅና ለቶርኖ ቤት የጠየቅከውን እኔ ልመልስ።

በመጀመሪያ የኋላ ፍሬምህን ስፋት ለካ፤ አክሱ የሚገባባቸው ሁለት ስንጥቆች መካከል 135 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ብረት ስለሆነ ጥቂት ሚሊ ሜትር ማስፋት ይቻላል፤ አሉሚኒየም ቢሆን አትንካው እልህ ነበር። ሞተሩን ከፊት የመግጠም ሐሳብ ከመጣብህም ተወው። የባለ ሞላ ፎርኬላ ጫፍ ብዙ ጊዜ ቀልጦ የተሠራ ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ነው፤ ሲሰበር ጎማው ከነሞተሩ ይወጣል።

የሞተር አክስ በጎን በኩል ተላጭቶ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። 40 ኒውተን ሜትር በ10 ሚሊ ሜትር ላይ ሲያርፍ የስንጥቁን ጠርዝ ወደ 400 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይገፋዋል። ዳዶ ማጥበቅ ብቻውን አይዘውም። አክሱ አንዴ ከዞረ ሽቦዎቹን በጥሶ ይወጣል፣ ጎማውም ሊወልቅ ይችላል። ስለዚህ ከ6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሁለት ማሰሪያ አሠራ፣ ለግራና ለቀኝ። ቀዳዳውን 10 ሚሊ ሜትር ሳይሞላ አስቆርጥና በሞረድ እየሞከርክ በመዶሻ መታ መታ ተደርጎ ብቻ እንዲገባ አድርገው። ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ጥቅም የለውም። ሌላኛው ጫፍ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ በ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ፍሬሙ ላይ ይታሰር። የሞተር ፍሬን የምትጠቀም ከሆነ ሁለቱም ግድ ናቸው፤ ኃይሉ ወዲያና ወዲህ ስለሚገለባበጥ ዳዶውን በቀላሉ ያላላዋል።

ፍሬንህን ቀይር። የቸርኬ ፍሬን 110 ኪሎ ይዞ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ቸርኬውን ያግለዋል፤ የጋለ ቸርኬ ከመነዳሪውን ያፈነዳል። ክረምት ላይ ደግሞ ቸርኬው ሲረጥብ ለመያዝ ይዘገያል። ከፊት 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይሁን። ፎርኬላህ የዲስክ መያዣ ከሌለው ያለውን ፎርኬላ ግዛ፤ መያዣ በብየዳ አታስለጥፍ፣ የብየዳው ሙቀት ቱቦውን ያደክመዋል። የኋላ ዲስክ ሲገጠም አንዳንዴ ካሊፐሩ (ዲስኩን የሚቆነጥጠው) የሞተሩን ሽፋን ይነካል፤ ከዲስኩ ሥር ስስ ሮንዴላ አስገባ።

አምፒር

ሽቦውን ልጨርስለት። ከባትሪው እስከ ኮንትሮለሩ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ተጠቀም፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ 15 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ 40 አምፒር ፊውዝ ይግባ። የቤት ብሬከር አታስገባ፤ እሱ የተሠራው ለተለዋዋጭ ከረንት ነው፤ በባትሪ ከረንት ሲቆርጥ ብልጭታው ሳይጠፋ ውስጡን ሊያቀልጠው ይችላል። መጀመሪያ ስትሰካ ኃይለኛ ብልጭታ ታያለህ፤ የኮንትሮለሩ ካፓሲተሮች ሲሞሉ ነው። በ100 ኦም ሬዚስተር ለሁለት ሰከንድ አስነክተህ ከዚያ ሰካ።

የሞተሩ ሽቦ ከአክሱ ሲወጣ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከዚያ ወደ ላይ ይውጣ። ቀጥ ብሎ ከላይ ከመጣ የክረምቱ ዝናብ ሽቦውን ተከትሎ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። መውጫውን በሲሊኮን ድፈነው።

ሦስቱ ወፍራም ሽቦዎች ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ አምስቱ ቀጫጭኖች የሴንሰር ናቸው። ቀለም ከቀለም መግጠሙ ሁልጊዜ አይሠራም። ጎማውን ከመሬት አንሥተህ፣ በመካከል አምፒር መለኪያ አስገብተህ፣ መስጫውን (የፍጥነት እጀታውን) በጥቂቱ ስጥ። ከተንቀጠቀጠ ወይም ካጓራ ወዲያው ልቀቅና ሁለት ወፍራም ሽቦ አቀያይር። ለስላሳ ዞሮ ነገር ግን ባዶውን ከ3 አምፒር በላይ የሚስብ ከሆነም ቅደም ተከተሉ ስህተት ነው፤ እንዲያ ሆኖ ይሄዳል፣ ግን የመጀመሪያው ዳገት ላይ ኮንትሮለሩን ያቃጥላል።

ራጂና ቸርኬ

አንድ የቀረ ነገር አለ። ከፋብሪካ የሚመጣው የሞተር ቸርኬ ራጂ አብዛኛውን ጊዜ ላላ ያለ ነው። ከመንዳትህ በፊት ሁሉንም አስጠብቅ፤ 50 ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ ራጂውንም የአክሱን ዳዶም ድገማቸው።