በበረንዳ የተተከለ ኤደልቫይስ ለምን አረንጓዴ ይሆናል?

ጥያቄ (ከዙሪክ)፦ ጤና ይስጥልኝ። በጸደይ የገዛኋቸውን የኤደልቫይስ (ነጭ የተራራ አበባ) ችግኞች በተለመደው የአበባ አፈር በበረንዳዬ ተክዬ በየቀኑ አጠጣቸዋለሁ። ሆኖም ግንዳቸው እየረዘመ፣ አበባቸውም ከነጭ ይልቅ ወደ አረንጓዴ እያደላ ነው። አድርቄ በልጄ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ ልለጥፋቸው ስላሰብሁ፣ ምን ላስተካክል? ካልሆነስ ከተራራ ጥቂት መቁረጥ ይፈቀዳል?

መልስ (ከኢንስብሩክ)፦ የጎዳቸው ምቾት ነው። ይህ ተክል በአልፕስ ተራሮች፣ ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ በስስ አፈር የሚኖር በመሆኑ፣ ለም አፈርና ብዙ ውሃ ሲያገኝ ይረዝማል፣ ይልፈሰፈሳልም። ነጭ ሆኖ የሚታየው ክፍል በመሐል ያሉትን ጥቃቅን ቢጫ አበቦች የከበበ፣ ከኃይለኛ ፀሐይና ከሚያደርቅ ነፋስ የሚከላከል ፀጉር የለበሰ ቅጠል ነው፤ ተክሉ ሲመቸው ፀጉሩ ይሳሳና የቅጠሉ አረንጓዴ ይታያል። ስለዚህ አንድ እጅ አፈር ከሁለት እጅ ጠጠርና አሸዋ ጋር ቀላቅለው፣ ጥቂት የኖራ ድንጋይ ስባሪ ጨምረው፣ ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ማሰሮ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ ያኑሩት። አፈሩ ላዩ ሳይደርቅ አያጠጡ፤ ማዳበሪያ ፈጽሞ አይጨምሩ። እንዲህም ሆኖ የተራራውን ያህል አይነጣም።

መልስ (ከቫሌ)፦ ከተራራ መቁረጡን ይተዉት። በስዊዘርላንድ የኦብቫልደን ካንቶን (ክፍለ ግዛት) ተክሉን ከነሥሩ መንቀልን የከለከለው ገና በ1878 እ.ኤ.አ. ነበር። እዚህ ቫሌ ካንቶን ውስጥ ገበሬዎች «ሄልቬቲያ» የተባለውን የተዳቀለ ዝርያ ለመዋቢያ ምርቶች በማሳ ያለሙታል፤ ለጌጥም ቢሆን የለማውን መግዛት ይሻላል። ዘር ከዘሩ ግን ዘሩ ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አያልብሱት፤ አበባውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት በሁለተኛው ዓመት ነው።

መልስ (ከሙኒክ)፦ በብርድ ወራት ወደ ቤት እንዳያስገቡት። በረዶ አይገድለውም፤ የሚገድለው ሥሩ ላይ የሚቋጥረው ውሃ ነውና ዝናብ ከማይደርስበት ጣሪያ ሥር ያስጠጉት። ለማድረቅ፣ ነጩ ክፍል ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ መሐሉ ያሉት ቢጫዎቹ ከመፈንዳታቸው በፊት ይቁረጡ። ለወረቀት የሚሆነውን በመጽሐፍ መካከል ይጫኑት፤ ለእቅፍ አበባ ከሆነ ግን በጨለማና ነፋስ በሚገባበት ክፍል ቁልቁል ይስቀሉት።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን አብበዋል፤ አፈሩን ዛሬውኑ ልቀይር?

መልስ (ከኢንስብሩክ)፦ አበባው እስኪያልፍ ይቆዩ፤ እስከዚያው ውሃውን ብቻ ይቀንሱ።